ልጆቼ ሐዋሳን ረሱት፣ ትውከቱን ግን አልረሱም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትልቋ 11፣ ወንዱ 7፣ ትንሿ 3 ዓመታቸው ነው። አምና ክረምት ዕቁብ ወጥቶልኝ ሐዋሳ ወሰድናቸው። ሦስት ቀን፣ ሆቴል፣ ጀልባ፣ ዓሳ፣ ምኑ ቅጡ። ባለፈው ሳምንት «ከሐዋሳ ምን ታስታውሳላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ትልቋ «ክፍላችን ውስጥ ቲቪ ነበር» አለች። ወንዱ ደግሞ «ሞጆ ላይ አስታወከኝ» ብሎ ሳቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ገንዘቤ አንገበገበኝ። ዘንድሮ ባለቤቴ የጳጉሜን ሰሞን ፈቃድ አለው። እጃችን ላይ ያለው ግን የአምናውን ግማሽ አይሞላም። መኪና የለንም። የጎረቤት ልጆች ዱባይ ሄደው ስለመጡ የኛዎቹም «እኛስ?» ማለት ጀምረዋል። ልጆች የማይረሱት እረፍት የት ነው የሚገኘው? ወንዱን መንገድ ላይ እንዳያስታውከውስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጅሽ ነው ያሳቀኝ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አለኝ።

ቤተሰብና ልጆችን ማማከር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «የት ልውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ ክረምት በገባ ቁጥር ይመጣል። አንቺ ግን መልሱን ከጥያቄው ጋር አብረሽ ልከሽልኛል፤ ሳይታወቅሽ ነው እንጂ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የሞጆ ትውከት ከሆነ ወዲህ ስንት ጊዜ አወራችሁት? እኔ ልገምት። የዚያኑ ማታ ለአያት በስልክ ተነገረ። ስትመለሱ ቡና ላይ ለጎረቤት ተተረከ። የአባትየው ሸሚዝ ምን እንደሆነ፣ ረዳቱ ምን እንዳጉረመረመ፣ ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላ እንዴት እንደያዙ። ልጁ ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ በተግባር ሳያሳይ አልቀረም። ጀልባውስ? ጀልባውን ማን አወራው? ፎቶው ስልክሽ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ትውከቱ ዓመት ሙሉ ሲወራ ከረመ፤ ጀልባው አንድም ቀን አልተወራም። ልጁ የመለሰልሽ ቤት ውስጥ የሰማውን ነው።

ዘንድሮ የት እንደምትሄዱ እነግርሻለሁ፣ ቦታ አላጣም። ግን የቦታው ነገር ሁለተኛ ነው። ጉዞ የማይረሳ የሚሆነው ከተመለሱ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ነው። ይህንን ካልያዝሽ ዱባይም ብትወስጃቸው «የሆቴሉ ሊፍት» ብለው ነው የሚመለሱት።

የልጆች ትዝታ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል። ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓትሪሺያ ባወር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር የ3 ዓመት ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ስላለፉ ነገሮች ሲያወሩ ቀዳች። ልደት፣ መካነ እንስሳት፣ እንደዚህ ያለ። ልጆቹ አደጉና እንደገና ስለዚያው ተጠየቁ። 5፣ 6 እና 7 ዓመት ላይ የተጠየቁት ከ60 በመቶ በላይ ያስታውሱ ነበር። 8 እና 9 ዓመት ላይ የተጠየቁት ግን 35 በመቶ ገደማ ብቻ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ስለዚህ የልጅነት ትዝታ ትልቅ ሰው ስንሆን የሚጠፋ አይደለም፤ እዚያው ልጅነት ውስጥ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት አካባቢ ነው የሚረግፈው። ወንዱ ልጅሽ አሁን ልክ እዚያ በር ላይ ቆሟል።

ደስ የሚለው ግን ይኸው ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው። ልጁን «እሺ፣ ከዚያስ?» እያሉ ወሬውን እሱ እንዲመራው የፈቀዱ እናቶች ልጆች በኋላ የሚያስታውሱት የበለጠ ዝርዝር ያለው ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናትም አለ። ሰዎች የመጀመሪያ ትዝታቸው ስንት ዓመታቸው ላይ እንደሆነ ተጠየቁ። የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው በአማካይ 3 ዓመት ተኩል አካባቢ አሉ። የማኦሪ ተወላጆች ግን 3 ዓመት እንኳ ያልሞላ። ማኦሪዎች ያለፈውን አብዝተው የሚተርኩ፣ ትውልድ የሚቆጥሩ ሕዝቦች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ሳነብ የኛ ቡና ነው ትዝ ያለኝ። አንደኛው፣ ቶናው፣ በረካው። እኛ ለወሬ የተሠራ ሥርዓት እቤታችን አለን። ችግሩ ልጆቹን «ሂዱ ውጡ፣ የትልቅ ሰው ወሬ ነው» እያልን ማባረራችን ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራሽ ሳንቲም አያስወጣም። የአምናውን ሐዋሳ መልሰሽ አምጪው። ገና አልጠፋም።

«ምን ታስታውሳላችሁ?» ብለሽ መጠየቅሽ ላይ ነው ስህተቱ። ያ ፈተና ነው። ልጅ ፈተና ሲሰጠው ወይ አጭር ይመልሳል ወይ ይሸሻል። መምህሩ «ትናንት ምን ተማርን?» ሲል ክፍሉ ጸጥ እንደሚለው ማለት ነው። አንቺ ራስሽ ጀምሪ። ትንሽ ነገር ያዢ፣ በቅርብ የታየ ነገር። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ሳትሄዱ አልቀራችሁም መቼስ። እንዲህ በይ፦

«እኔ እኮ ያንን አባ ኮዳ መርሳት አቃተኝ። ራሰ በራው ወፍ። ቆሞ ሲያየን ጡረታ የወጣ ዳኛ አይመስልም?»

ወንዱ ዝም አይልም። «ዓሳ ሲውጥ አንገቱ ላይ ይታይ ነበር» ይላል።

«እውነትህን ነው! ወዴት ነበር የቆምነው?»

«እዚያ ሰውየው ዓሳ የሚያጸዳበት። ደም ነበር። ጫማዬ ላይ።»

«ከዚያስ?»

አየሽ፣ «ከዚያስ» ብቻ ነው ያልሽው። ትልቋ በዚህ ጊዜ ከስልኳ ቀና ትላለች፤ «ውሸቱን ነው፣ ጫማው አይደለም፣ ካልሲው ነው» ትላለች። ተዪያቸው ይከራከሩ። አትዳኚ። ጫማም ሆነ ካልሲ ሐዋሳ ተመልሷል። ያልነበረ ነገር ግን አትጨምሪበት። ትንንሽ ልጆች እናታቸው ደጋግማ የነገረቻቸውን ነገር በዓይናቸው እንዳዩት አድርገው ይይዙታል። ትንሿ ያኔ 2 ዓመቷ ነበር፤ እሷ ምንም አታስታውስም፣ አይፈረድባትም። እህትና ወንድሟ ሲያወሩ ትስማ። አንድ ቀን «እኔም ነበርኩ» ማለቷ አይቀርም።

የራሴንም ልንገርሽ። ልጄ 8 ዓመቷ ሳለ ጥቅምት ላይ ደብረ ሊባኖስ ልወስዳት ተነሳን። ብዙ አስቤበት ነበር። ገዳሙን ላሳያት፣ የድንጋዩን ድልድይ ላሳያት፣ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ላሳያት። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ የሚውል፣ ማታ ገደል ላይ የሚያድር ዝንጀሮ ነው። መንገድ ላይ ይህን ሁሉ አስጠናኋት። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጫንጮን አለፍ እንዳለ ተንፈስ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። እኔ በንዴት ጨስኩ። ማሳ ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት አይተውን የባቄላ እሸት ከነግንዱ ይዘው መጡ። ጭራሮ ለቃቅመን መንገድ ዳር አቀጣጠልን። ልጄ እሸቱን ከእሳቱ እያወጣች፣ ጣቷን እየተቃጠለች፣ እየፈለፈለች በላች። ከንፈሯ ጥላሸት መሰለ። ደብረ ሊባኖስ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ እየሮጥን አይተን ተመለስን።

ዛሬ 24 ዓመቷ ነው። ድልድዩን አታስታውሰውም። ጭላዳውን «በቲቪ ይሁን በዓይኔ አላውቅም» ትላለች። የባቄላውን ሽታ ግን ጥቅምት በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች። ለምን? ያልታሰበ ነገር ነበር። በእጇ ሠርታዋለች። እኔ ደግሞ ያንን ቀን ለሰው ሁሉ ሳማርር ከረምኩ፤ እሷም አብራኝ ሰማች። ማማረሬ ጠቀማት።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው እንምጣ።

አንድ ረጅም ጉዞ አታድርጉ። የጳጉሜን ሰሞንን ለሦስት ትንንሽ ነገር ከፋፍሉት። ከጳጉሜን 3 ጀምሪ። እምነታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የሩፋኤል ቀን ነው። አንቺ ልጅ ሳለሽ ያደረግሽው ይመስለኛል፦ የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ልብስ አውልቆ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ መሮጥ። የዘንድሮ የኮንዶሚኒየም ልጅ ይህን አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ እንሸሸዋለን፣ እንጠርገዋለን፣ መስኮት እንዘጋበታለን። በዚያች ቀን ከብሎኩ በታች ይውረዱ። አባታቸውም ይውረድ። እናት እንኳ ብትወርጂ ማን ይከስሻል? መብረቅ ካለ ግን ቤት ግቡ፣ ቀልድ የለውም። ከዚያ ፎጣ፣ ትኩስ አጃ፣ ብርድ ልብስ። ዝናቡ ከቀረ ጀሪካን አለ፤ ውሃ በፈረቃ ቢሆንም ለዚህ አንድ ጀሪካን ይሠዋል። የዱባዩ ጎረቤት ልጆች በረንዳ ላይ ቆመው በቅናት ሲያዩ ትስቂያለሽ።

ሁለተኛው ቢሾፍቱ ነው። ለእናንተ ከመሀል አዲስ አበባ ሰው ይቀርባችኋል፤ በዱከም በኩል በሚኒባስ ትደርሳላችሁ። ሪዞርት አልልሽም። መዋኛ ገንዳ የትም አንድ ነው። ሐይቅ አፋፍ ውሰጃቸው። እዚያ ቆመሽ ለወንዱ ልጅ ይህንን ንገሪው፦ የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው። ከመሬት በታች የቀለጠ ድንጋይ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ልክ ክዳኑ እንደተጨቆነ ድስት ፈንድቶ ነው ጉድጓዱ የተከፈተው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። የናንተን ዓይነት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አምስቱን ብትደራርቢበት ጣሪያው ከውሃው ላይ አይታይም። ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ ያንን ሐይቅ እንደ ውሃ አያየውም። ለአባቱ ሥራ ባልደረባ ሁሉ ሲናገር ትሰሚዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። እነዚህ ሐይቆች ዳራቸው ጎድጓዳ ነው፤ ሁለት እርምጃ ገብተው ሦስተኛው ላይ መሬት የለም። ልጆች ያለ መንሳፈፊያ ሰደርያ አይግቡ፣ እግር ለመታጠብም ቢሆን እጅ ይያዝ። ጀልባ ላይ ከወጣችሁም ሰደርያው በልጅ ልክ መሆኑን እይ። የትልቅ ሰው ሰደርያ ልጅ ላይ ያለ እንደሌለ ቁጠሪው።

በክረምት ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ጋ ሁኑ፣ 8 ሰዓት ላይ ለመመለስ ተነሱ። «ገና ነው፣ ትንሽ እንቆይ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። አባታቸው ይመስለኛል። አትስሚው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማን ከባልደረቦቹ ጋር ደጋግሞ ያሳየው ነገር አለ። ሰው ያለፈን ነገር ሲመዝን የቆይታውን ርዝመት ብዙም አይቆጥረውም። በጣም የጎላችውን ደቂቃና የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው የሚይዘው። በልጆችም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ለአንዳንድ ልጆች ትልቅ ቸኮሌት ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ያው ቸኮሌትና በላዩ ማስቲካ። የበለጠ ያገኙት ሁለተኞቹ ናቸው፤ የተደሰቱት ግን ቸኮሌት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው። ማስቲካው የመጨረሻ ስለሆነ ቸኮሌቱን አበላሸባቸው። የኛ ሰው የእረፍት ቀን መጨረሻ ደግሞ ምንድን ነው? የታክሲ ሰልፍ፣ የቃሊቲ መጨናነቅ፣ የደከመ አባት፣ «ዝም በል ብዬሃለሁ!»። ይህ ነው ማስቲካው። ቀኑን አሳጥሪው፣ ማብቂያውን ግን ተጠንቀቂበት። ዱከም ወረድ ብላችሁ ለአባትየው ጥሬ ሥጋ ግዙ ማለቴ አይደለም (ቢፈልግ ይችላል)። ለልጆቹ አንዲት ትንሽ ነገር ለመጨረሻ አስቀምጪ። አንዷ እናት፣ የታክሲ መውረጃቸው ጋ ሁልጊዜ በቆሎ ጥብስ ትገዛላቸዋለች። ልጆቿ «ጉዞ» ሲባል በቆሎ ነው ትዝ የሚላቸው።

ሥራ ስጫቸው። ትልቋ ገንዘብ ያዥ ትሁን፣ የምር። የቀኑን ገንዘብ በእጇ ስጫት፤ ታክሲ ትክፈል፣ ከባጃጅ ነጂው ጋር ትከራከር፣ መልስ ትቁጠር። ብትታለል አሥር ብር ናት፤ ያቺን አሥር ብር እስክታገባ ትተርካታለች። ወንዱ ስንቅ ያዥ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ብርቱካን። ቤት የተበላ ድንችና ሐይቅ ዳር የተላጠ ድንች አንድ አይደለም። ለትንሿ ደግሞ የራሷን ትንሽ ቦርሳ አሸክሚያት፣ ውስጡ አንድ ድንጋይም ቢሆን።

ስልኩን በተመለከተ እግድ አልጥልም። ግን ሊንዳ ሄንከል የተባለች ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ ሞክራለች። ፎቶ ያነሱትን ነገር ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ነው ያስታወሱት። ካሜራው ያስታውስልኛል ብሎ አእምሮ ይዝናናል። የሚገርመው፣ አንዲት ክፍሉን ብቻ አቅርበው ያነሱት አልረሱትም። ስለዚህ «ተሰለፉ፣ ሳቁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» ይቅር። ሦስት ፎቶ ይበቃል፣ የቅርብ ነገር፦ የጭቃ ጫማ፣ የተላጠ ድንች፣ የባጃጁ ታርጋ ሳይቀር። ከዚያ አሳትሚያቸውና ፍሪጅ ላይ ለጥፊያቸው። ፍሪጅ የሚከፍት ሁሉ ይጠይቃል፣ የተጠየቀ ይተርካል።

ሦስተኛው ለሁሉም አይደለም። አባትና ትልቋ ብቻቸውን ይሂዱ። በዓለም ገና በኩል በቡታጅራ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ የሚባል የጥንት ሰዎች መኖሪያ የነበረ ቦታና ሙዚየም አለ። ለ3 ዓመት ልጅ ድካም ነው፣ ታክሲ መቀያየሩም አለ። ለ11 ዓመት ልጅ ግን እኔ ከማውቀው ሁሉ የሚበልጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የባልጩት ድንጋይ ከሚገኝባት ከባልጪት ጋር ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት ድንጋዩን ታውቂዋለሽ፤ አያቶቻችን ፀጉር የሚላጩበት የነበረው ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ። እዚያ ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች ያንኑ ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእግር አሻራ ተገኝቷል። የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። የልጆችም አለበት። የጉማሬ ሥጋ ቆራርጠው ሲከፋፍሉ ከነበሩ ሰዎች አጠገብ፣ ውሃ ዳር፣ ጭቃ ላይ። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ሲሠሩ ልጆቻቸው አብረው ነበሩ ማለት ነው፤ «ሂዱ ውጡ» አልተባሉም።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ማታ ወረቀት ላይ እግሯን ቆማ ትሣል። የታናናሾቿንም ትሣል። ይዛው ትሂድና የቦታውን አስጎብኚ ትጠይቅ፦ የዚያን ዘመን ልጅ እግር ከየትኛው ይቀርባል? ከመነሳታቸው በፊት ሙዚየሙ ክፍት መሆኑንና የመንገዱን ሁኔታ ደውለው ያረጋግጡ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የወንዱ ተራ ይሁን፣ ከአንቺ ጋር፣ የፈለገው ቦታ። አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታም ቢመርጥ እሺ በይው። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት እናቱን ወይ አባቱን ለብቻው ያገኘባት ቀን ብርቅ ናት።

ስለ ሌሎቹ ቦታዎች ባጭሩ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ለናንተ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰው በሰው ነው። የመናገሻ ሱባ ጫካ ከሁሉም ይበልጣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ያየ ልጅ ሌላ አይጠይቅሽም። በዚህ ጭቃ ግን አትሞክሩት። ጥቅምት ይግባ።

«እኛስ?» ለሚለው ጥያቄ «ገንዘብ የለንም» ብለሽ አትጀምሪ። እውነት ነው፣ ይወቁት፣ ግን በዚያ አትጀምሪ። የጎረቤቶቹን ልጆች ቡና ላይ ጥሪያቸውና «እስቲ ንገሩን» በያቸው። ያውሩ። ዱባይ የነሱ ነው። ከዚያ የናንተዎቹ ስለ ሩፋኤል ዝናብ፣ ስለተቀበረው እሳተ ገሞራ፣ ስለ ባጃጁ አሥር ብር ያውሩ። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመጨረሻ «እኛንም ውሰዱን» የሚል ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ ይዘሽ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወደ ማሳው ውጪ። ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ አደዩ ፈንድቷል። አበባውን ራሳቸው ይልቀሙ፣ ገበሬውን አስፈቅደው።

የቀረው የማስታወክ ጉዳይ ነው። ልጅሽ ሕመም የለበትም። መኪና ውስጥ ጆሮው «እየሄድን ነው» ይለዋል፤ ዓይኑ ደግሞ የወንበሩን ጀርባ ወይ ስልኩን እያየ «ቆመናል» ይለዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ሆዱ ይከፍላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል፣ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር አታስቀምጪው። ወደ ፊት፣ መንገዱ የሚታየው ቦታ ይሁን። ስልክ አትስጪው፣ መጽሐፍም አይያዝ። ሩቅ ያለ ተራራ ይይ፣ ከብት ይቁጠር። ከመነሳታችሁ በፊት ባዶ ሆዱን አይሁን፣ በቅባት የበዛ ነገርም አይጥገብ። ትንሽ ደረቅ ዳቦና ሻይ ይበቃዋል። ዝንጅብል የሚረዳቸው ልጆች አሉ። መድኃኒት መስጠት ካሰብሽ መጠኑ በክብደቱ ስለሚወሰን ፋርማሲስት ጠይቂ፤ የትልቅ ሰው ክኒን ለሁለት ሰብረሽ እንዳትሰጪው።

አየር ደግሞ ያስፈልገዋል። መስኮት ትከፍቻለሽ፤ ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ንፋስ! ይዘጋ!» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሪ። «ልጁ ሊያስታውከው ነው» በይ ዞር ብለሽ፣ ሌላ ቃል ሳትጨምሪ። ማንም አይዘጋውም። ፌስታል ግን እንዳትረሺ። ሁለት አድርጊው፣ አንዱ ቀዳዳ አያጣም።